ጆሯችን ድምፅን እንዴት ያጎላል? ስለ ውስጠኛው ጆሮ ህዋሳት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመስማት ምርመራ ለማድረግ ከሚመጡ ሰዎች አብዝቼ የምሰማው ቅሬታ “አልሰማም” የሚል አይደለም። “እሰማለሁ፤ ግን አይለይልኝም” የሚል ነው። ከዚህ ቅሬታ ጀርባ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው በአንድ ጆሮ ውስጥ 12,000 ገደማ የሚሆኑ ጥቃቅን ህዋሳት መድከም ወይም መሞት ነው። የእነዚህን ህዋሳት ሥራ ያወቀ ሰው የወላጁንም የልጁንም ጆሮ በሌላ ዓይን ያያል ብዬ ስለማምን ጥያቄዎቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆሮ ድምፅን ይቀበላል እንጂ ያጎላል እንዴ?

ያጎላል፤ ያውም በሁለት ቦታ። የመጀመሪያው መካከለኛው ጆሮ ነው። ድምፅ የጆሮ ታምቡርን ሲመታ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ንዝረቱን ተቀባብለው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ጠባብ መስኮት ያደርሱታል። ሰፊው የምስማር ራስ ላይ ያረፈው ምት ሹሉ ጫፍ ላይ እንደሚሰበሰብ ሁሉ፣ በሰፊው ታምቡር ላይ ያረፈው ግፊትም በጠባቡ መስኮት ላይ 20 እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። እዚህ ላይ ግን የተጨመረ ጉልበት የለም፤ የመጣው ነው የተሰበሰበው።

ሁለተኛው ማጉያ ያለው ኮክሊያ በሚባለው የውስጠኛው ጆሮ ክፍል ውስጥ ነው። እሱ ከራሱ ጉልበት ያወጣል፤ ከሰውነት ኃይል ወስዶ በመጣው ድምፅ ላይ ይጨምራል። የዚህ ገጽ ጉዳይ እሱ ነው።

ኮክሊያ ምን ይመስላል?

ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይመስላል። ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል የተጠቀለለ፣ ቢዘረጋ 35 ሚሊሜትር ገደማ የሚሆን፣ በፈሳሽ የተሞላ የአጥንት ቱቦ ነው። በቱቦው ርዝመት ቀጭን ንጣፍ ተዘርግቷል። የንጣፉ መግቢያ ጠባብና ጠጣር ስለሆነ ለቀጭን ድምፅ ይነዝራል፤ ወደ ጥቅልሉ ጫፍ በሄድን ቁጥር ግን እየሰፋና እየላላ ስለሚሄድ ለወፍራም ድምፅ ይነዝራል። እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ሰፈር አለው ማለት ነው።

ንጣፉ ላይ ፀጉራማ ህዋሳት ተሰልፈዋል። በውስጥ በኩል አንድ ረድፍ አለ፤ 3,500 ገደማ ህዋሳት ይዟል። በውጭ በኩል ሦስት ረድፎች አሉ፤ በድምሩ 12,000 ገደማ ይሆናሉ። ጣሊያናዊው አልፎንሶ ኮርቲ ይህን አካል በ1851 ስለገለጸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አንድ ዓይን ከ100 ሚሊዮን በላይ ብርሃን ተቀባይ ህዋሳት አሉት። ጆሮ ግን የእናትን ድምፅ ከጎረቤት ድምፅ የሚለየው በ16,000 ገደማ ህዋሳት ብቻ ነው። ከእነሱ ጥቂቱን ማጣት የሚጎዳንም ለዚህ ነው።

“ፀጉራማ” ሲባል እውነተኛ ፀጉር አላቸው?

የላቸውም። በህዋሱ አናት ላይ እንደ ደረጃ ከአጭር ወደ ረጅም የተደረደሩ ጥቃቅን ዘንጎች ናቸው ያሏቸው። የአጭሩን ዘንግ ጫፍ ከረጅሙ ጎን የሚያያይዝ እጅግ ቀጭን ክር አለ። ድምፅ ዘንጎቹን ወደ ረጅሙ በኩል ሲያዘነብላቸው ክሩ ይወጠርና ደጅ ይከፈታል። በዚያ ደጅ ፖታሺየም ወደ ህዋሱ ይገባል፤ የኤሌክትሪክ መልእክትም ይፈጠራል።

ፖታሺየም የሚገባው በዙሪያው ያለው ሁኔታ ስለሚገፋው ነው። ዘንጎቹ የተነከሩበት ፈሳሽ በፖታሺየም የበለጸገ ሲሆን 80 ሚሊቮልት ገደማ ፖዘቲቭ ነው፤ የህዋሱ ውስጥ ደግሞ ኔጋቲቭ ነው። ልዩነቱ ሲደመር 150 ሚሊቮልት ሊደርስ ይችላል። ይህን ባትሪ ቀን ከሌት የሚሞላው በኮክሊያ ግድግዳ ላይ ያለ፣ በደም ሥር የተሞላ ቲሹ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የሚያጎሉት የትኞቹ ህዋሳት ናቸው?

የውጭ ረድፍ ህዋሳት ናቸው። ነገሩ ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ነበር። ከጆሮ ወደ አንጎል ከሚሄዱት የመስማት ነርቮች ወደ 95 በመቶ የሚጠጉት የሚነሱት ከውስጠኛው ነጠላ ረድፍ ነው። በቁጥር የሚበልጡት የውጭዎቹ ለአንጎል የሚናገሩት ነገር እምብዛም የለም። ካልተናገሩ ምን ይሠራሉ?

ይንቀሳቀሳሉ። ድምፅ ሲደርሳቸውና የኤሌክትሪክ ሁኔታቸው ሲቀየር የህዋሱ አካል ያጥራል፤ ሲመለስ ይረዝማል። ይህም ከድምፁ ምት ጋር እኩል ይሄዳል፤ ድምፁ በሰከንድ 1,000 ጊዜ ከነዘረ ህዋሱም 1,000 ጊዜ ይኮማተራል፣ ይዘረጋል። በዚህ እንቅስቃሴው የቆመበትን ንጣፍ መልሶ ይገፋዋል።

ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ ስትገፉ አስቡት። ግፊታችሁ ጊዜውን ከጠበቀ በአንድ እጅ እየነካችሁ ልጁን ሰማይ ታደርሱታላችሁ፤ ጊዜውን ከሳተ ታቆሙታላችሁ። የውጭ ህዋሳት ጊዜያቸውን የሚጠብቁ ገፊዎች ናቸው። በእነሱ ግፊት ያደገውን ንዝረት የውስጠኛው ረድፍ ይሰማና ለአንጎል ይነግራል።

ህዋስ ያለ ጡንቻ እንዴት እንዲህ ይፈጥናል?

ጡንቻ በኬሚካል ኃይል ስለሚሠራ ለዚህ ፍጥነት አይደርስም። የውጭ ህዋሳት ምስጢር ፕሬስቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። በህዋሱ ጎን ላይ ጥቅጥቅ ብሎ የተሰገሰገው ይህ ፕሮቲን ቮልቴጅ ሲቀየር ቅርጹን ይቀይራል፤ ይሰፋል ወይም ይጠባል። ሚሊዮኖች አብረው ሲጠቡ ህዋሱ ያጥራል። የሚያጥረው ቢበዛ ከርዝመቱ 4 ወይም 5 በመቶ ያህል ነው፤ ለለሆሳስ ድምፅ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ፕሮቲኑን በ2000 ያገኘው በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፒተር ዳሎስ ቡድን ነው። ስሙ የተወሰደው በሙዚቃ ጽሑፍ “በጣም ፈጣን” ከሚለው ፕሬስቶ ከሚባለው ቃል ነው። በ2002 ፕሬስቲን የሌላቸው አይጦች ሲመረመሩ የመስማት ችሎታቸው ከ40 እስከ 60 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ቀንሶ ተገኘ። በ2021 ደግሞ የሰውና የዶልፊን ፕሬስቲን ቅርጽ በዝርዝር ታየ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው፤ በድምፅ ማሚቶ የሚያድኑት የሌሊት ወፍና ዶልፊን ዝምድናቸው የራቀ ሆኖ ሳለ ፕሬስቲናቸው ለብቻ ለብቻ ተለውጦ እርስ በርሱ ተመሳስሏል።

ፕሬስቲን ብቻውን አይደለም የሚሉም አሉ። ጄምስ ሃድስፔት በእንቁራሪት ህዋሳት ላይ ባደረጉት ጥናት ዘንጎቹ ራሳቸው ጉልበት ጨምረው ሊወዛወዙ እንደሚችሉ አሳይተዋል። እንቁራሪት የእኛን ዓይነት የውጭ ህዋስ ባይኖራትም ድምፅን ታጎላለች። በአጥቢ እንስሳት ዘንድ የሁለቱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ሳይንቲስቶች አሁንም ይከራከራሉ።

ማጉላቱ ስንት እጥፍ ነው?

ለደካማ ድምፅ ከ40 እስከ 60 ዴሲቤል ነው፤ ንዝረቱን ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍ ያሳድገዋል ማለት ነው። እንዲህ አድጎም እንኳ ልንሰማው የምንችለው እጅግ ደካማ ድምፅ ንጣፉን የሚያንቀሳቅሰው ከአንድ ናኖሜትር ባነሰ ርቀት ነው። አንድ የራስ ፀጉር ወደ 80,000 ናኖሜትር ይወፍራል።

ትልቁ ብልሃት ያለው ግን ሁሉንም ድምፅ እኩል ባለማጉላቱ ላይ ነው። ለሹክሹክታ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፤ ለጩኸት ግን እርዳታው ከምንም አይቆጠርም። ከጭር ካለ ሌሊት እስከ ጆሮ የሚያሳምም ጩኸት ድረስ የድምፅ ግፊት ሚሊዮን እጥፍ ይለያያል፤ ንጣፉ ላይ ያለው ልዩነት ግን ወደ መቶ እጥፍ ገደማ ይጨመቃል። በተጨማሪም ግፊቱ የሚያርፈው በዚያ ድምፅ ሰፈር ላይ ብቻ ስለሆነ ተቀራራቢ ድምፆች ተለያይተው ይሰማሉ።

ይህን ማን ደረሰበት?

መጀመሪያ ያሰበው የጆሮ ሐኪም አልነበረም። ቶማስ ጎልድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለብሪታንያ ባሕር ኃይል በራዳር ላይ የሠራ የቪየና ተወላጅ ነው። ጥያቄው ቀላል ነበር። ክራርን ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አውታሩን ብትነኩት ድምፁ ወዲያው ይሞታል፤ ፈሳሹ ንዝረቱን ይበላዋልና። ኮክሊያም በፈሳሽ የተሞላ ነው። ታዲያ እንዴት ድምፆችን ጥርት አድርጎ ይለያል? በ1948 ጎልድ መልሱን ጻፈ፤ ጆሮ የሚባክነውን ጉልበት የሚተካ የራሱ ማጉያ ሊኖረው ይገባል አለ። ማጉያ ካለ ደግሞ፣ ማይክ ወደ ስፒከር ሲጠጋ እንደሚያፏጨው ሁሉ፣ ጆሮም አንዳንዴ ራሱ ድምፅ ማውጣት አለበት ብሎ ማይክሮፎን ይዞ ፈለገ። አላገኘም።

የሰማውም አልነበረም። የጊዜው ታላቅ ሰው ሃንጋሪያዊው ጊዮርግ ፎን ቤኬሺ ነበር። ቤኬሺ የሞቱ ሰዎችን ኮክሊያ ከፍቶ ድምፅ እንደ ማዕበል በንጣፉ ላይ ሲጓዝ በዓይኑ አይቷል፤ በ1961 የኖቤል ሽልማትም ተቀብሎበታል። ያየው እውነት ነበር። ይሁን እንጂ ባትሪውን አስታውሱት፤ የደም ዝውውር ሲቆም በደቂቃዎች ውስጥ ይወድቃል፤ ማጉያውም አብሮ ይቆማል። በሬሳ ውስጥ ማጉያ ሊገኝ አይችልም ነበር።

በ1971 ዊልያም ሮድ በሕይወት ባሉ ጦጣዎች ላይ ለካና ንጣፉ ለደካማ ድምፅ ከሚጠበቀው በላይ እንደሚነዝር አገኘ። በ1978 ደግሞ ዴቪድ ኬምፕ ለንደን ውስጥ ጎልድ ያጣውን አገኘው። በሰው ጆሮ ውስጥ አጭር “ጠቅ” የሚል ድምፅ ካሰማ በኋላ ከሚሊሴኮንዶች ቆይታ በኋላ ጆሮው መልሶ ድምፅ ሲያወጣ በማይክሮፎን ቀረጸ። በ1985 የዊልያም ብራውኔል ቡድን ከጊኒ ፒግ የተወሰደ የውጭ ህዋስ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ርዝመቱ ሲቀያየር ማየቱን አሳተመ። ብዙም ሳይቆይ ጆናታን አሽሞር አንዲት ህዋስ በሙዚቃ ምልክት ስትደንስ ቀርጾ አሳየ። ጎልድ ትክክል ነበር፤ ለመታመን ግን ሠላሳ ዓመት ጠበቀ።

ጆሮዬ ጭው ይላል። ይህ ጆሮ የሚያወጣው ድምፅ ነው?

በአብዛኛው አይደለም። ጤናማ ጆሮ የሚያወጣው ድምፅ በጣም ደካማ ስለሆነ ባለቤቱ እምብዛም አይሰማውም። ጭውታ ግን ብዙውን ጊዜ ከኮክሊያ የሚመጣው መልእክት ሲቀንስ አንጎል ባዶውን ለመሙላት የሚፈጥረው ስሜት ነው። በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ከልብ ምት ጋር የሚሄድ ከሆነ፣ ወይም በድንገት ከመስማት መቀነስ ጋር ከመጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ምላሽ ሳይሰጥ እንዴት ይመረመራል?

በኬምፕ ግኝት ነው። ለስላሳ መሰኪያ ሕፃኑ ጆሮ ውስጥ ይደረጋል፤ “ጠቅ ጠቅ” የሚል ድምፅ ይላካል፤ ማይክሮፎኑ ከውስጥ የሚመለሰውን ይጠብቃል። ከተመለሰ የውጭ ህዋሳት እየሠሩ ነው። ሕፃኑ ቢተኛ ይመረጣል፤ ሁሉም ነገር በደቂቃዎች ያልቃል።

ሁለት ነገሮችን ለወላጆች ሳልናገር አላልፍም። አንደኛ፣ ምላሽ አልተገኘም ማለት ሕፃኑ አይሰማም ማለት አይደለም፤ በወሊድ ጊዜ ጆሮ ውስጥ የቀረ ፈሳሽ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ይደገማል። ሁለተኛ፣ ምላሽ ተገኝቶም ችግር ሊኖር ይችላል። ምርመራው የሚያየው ማጉያውን እንጂ ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ አይደለም። ሲወለድ ሰውነቱ በጣም ቢጫ ሆኖ የታከመ ሕፃን ነርቩም ጭምር እንዲታይለት ጠይቁ።

አባቴ ዝቅ ብዬ ስናገር አይሰሙም፤ ከፍ ሳደርግ ደግሞ “ምን ያስጮኽሃል?” ይሉኛል። ሆን ብለው ነው?

አይደለም። የውጭ ህዋሳት ሲሞቱ የሚጠፋው ለደካማ ድምፅ የሚሰጠው እርዳታ ነው። ለጩኸት ቀድሞም እርዳታ ስላልነበረው ጩኸቱ እንደ ድሮው ይሰማል። ስለዚህ “አልሰማም” በሚለውና “ጆሮዬን አመመኝ” በሚለው መካከል የነበረው ሰፊ ቦታ ይጠባል። ድምፃችሁን ትንሽ ከፍ ስታደርጉ ከአንዱ ወደ ሌላው ትዘላላችሁ። አባትዎ የሚሉት ሁለቱም እውነት ነው።

ሌላው ችግር ጥራቱ ነው። በዕድሜም ሆነ በጩኸት ቀድመው የሚጎዱት ቀጭን ድምፅ የሚሰሙት በኮክሊያ መግቢያ ያሉት ህዋሳት ናቸው። “ሰፋ”፣ “ጠፋ”፣ “ከፋ” የሚሉትን ቃላት ውሰዱ። የሚለያቸው የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው፤ እንደ ሰ፣ ጠ እና ከ ያሉ ፊደሎች መለያ ያለው በቀጭኑ ድምፅ በኩል ነው። ወፍራሙ አናባቢ ይደርሳቸዋል፤ ቃሉ ግን የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ሰው በተሰበሰበበት ቤት ሲሆን ይብሳል። አረጋዊ ሰው በለቅሶ ቤት ወይም በማኅበር ላይ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ብዙ ሰው “ደክሟቸው ነው” ይላል። አንዳንዴ የደከመው ጆሯቸው ብቻ ነው፤ ይህን ስናገር ልቤ ይነካል፤ ብዙዎች ሳይጠየቁ በዝምታ ይቀራሉና።

አትጩኹባቸው። ቀረብ በሉ፤ ፊታችሁን አሳዩአቸው፤ ቴሌቪዥኑን ዝጉ፤ ረጋ ብላችሁ ተናገሩ። ከዚያም ለምርመራ ውሰዷቸው።

የመስሚያ መሣሪያ የሞቱትን ህዋሳት ይተካል?

ሥራቸውን በከፊል ይኮርጃል። ጥሩ መሣሪያ ለየሰው ምርመራ ተስተካክሎ ደካማውን ብዙ፣ ጠንካራውን ትንሽ ያጎላል። ድምፆችን የመለየት ጥራቱን ግን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። ሳይመረመሩ ከሱቅ የተገዛ፣ ሁሉንም እኩል የሚያጮኽ ማጉያ ደግሞ ከላይ ያልኩትን ችግር ያባብሰዋል።

ሞንታርቦ አጠገብ የቆምኩ ዕለት ጆሮዬ ይደፈናል፤ ጠዋት ይለቀኛል። ከለቀቀኝ ምን ጉዳት አለው?

መደፈኑ የውጭ ህዋሳቱና ዘንጎቻቸው መድከማቸውን ያሳያል። አብዛኛውን ጊዜ ያገግማሉ፤ በተደጋገመ ቁጥር ግን የማያገግሙት ይበዛሉ። በ2009 በአይጦች ላይ የታተመ ጥናት ደግሞ መስማቱ ተመልሶም በውስጥ ህዋሳትና በነርቭ መካከል ያለው መገናኛ ለዘለቄታው ሊበጠስ እንደሚችል አሳይቷል።

በሥራ ቦታ የሚሠራበት ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። አሜሪካዊው የሥራ ደኅንነት ተቋም በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ እንዲቀንስ ይመክራል፤ 100 ዴሲቤል ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ሠርግ ቤት ከስፒከሩ ፊት ለፊት ያለው ወንበር የሕፃናት ቦታ አይደለም።

መድኃኒት እነዚህን ህዋሳት ይጎዳል?

አንዳንዶቹ ይጎዳሉ። ጀንታማይሲን፣ አሚካሲንና ስትሬፕቶማይሲን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ቅድም ፖታሺየም ይገባበታል ባልኩት በዚያው ደጅ ገብተው የውጭ ህዋሳትን ሊገድሉ ይችላሉ፤ ከቀጭን ድምፅ ሰፈር ይጀምራሉ። ሚዛን የሚጠብቁትን ህዋሳትም ይነካሉ። የካንሰር መድኃኒቱ ሲስፕላቲንም እንዲሁ ነው። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በአገራችን ሲታከም ለወራት ካናማይሲን ወይም ካፕሪዮማይሲን የተወጉ ሰዎች መስማታቸውን ያጡበት አጋጣሚ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 መመሪያው ሁለቱን አስቀርቷል፤ በሚዋጥ መድኃኒት መታከምም ተስፋፍቷል።

አስፕሪን በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ፕሬስቲንን ያግዳል፤ ሲቆም መስማት ይመለሳል። ላሲክስ የሚባለው ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ባትሪውን ለጊዜው ያዳክማል፤ ከጀንታማይሲን ጋር ሲሆን ግን ጉዳቱ ይከፋል።

እባካችሁ ይህን አንብባችሁ የታዘዘ መርፌ አታስቀሩ። ጀንታማይሲን ደማቸው በኢንፌክሽን የተመረዘ ሕፃናትን ሕይወት ያተርፋል። ከእናት ወገን በመድኃኒት መስማቱን ያጣ ዘመድ ካለ ግን ለሐኪሙ ንገሩ፤ ይህን ተጋላጭነት የሚያስከትል፣ ከእናት ብቻ የሚወረስ የዘረመል ለውጥ አለ።

ጆሮ ማጽዳት ማጉያውን ያሻሽላል?

አያሻሽልም። ኮክሊያ ያለው ከታምቡሩ ወዲያ፣ የራስ ቅል አጥንት ውስጥ ነው። ክብሪት እንጨትም ሆነ ጥጥ የሚደርሰው ታምቡሩ ጋ ነው፤ እሱንም ሊበሳው ይችላል።

የሞቱት ህዋሳት ተመልሰው ይበቅላሉ?

በወፎች ይበቅላሉ፤ ይህ በ1988 ታውቋል። በሰው ግን አይበቅሉም፤ ያሉን ከመወለዳችን በፊት የተሠሩት ብቻ ናቸው። እነሱን መልሶ የሚያበቅል የጸደቀ መድኃኒት የለም፤ አለ ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

በሌላ በኩል ግን በ2024 መጀመሪያ ከሻንጋይ የወጣ ዜና አለ። ኦቶፈርሊን የሚባል ፕሮቲን ስለጎደላቸው መስማት ተስኗቸው የተወለዱ ስድስት ሕፃናት የጂን ሕክምና ተሰጥቷቸው አምስቱ መስማት ጀመሩ። የእነዚህ ልጆች የውስጥ ረድፍ ህዋሳት ከነርቩ ጋር መነጋገር አልቻሉም ነበር እንጂ አልሞቱም። የውጭ ረድፉም፣ ማለትም ማጉያው፣ በዚህ ሕመም መጀመሪያ ላይ ደህና ሆኖ ይቆያል። ሕፃኑ “ጠቅ” ሲባል ጆሮው ይመልሳል፤ እሱ ግን አይሰማም። የነርቩም ምርመራ እንዲደረግ ወላጆችን አጥብቄ የምለምነው በዚህም ምክንያት ነው።